ለ92ቱስ ማን ያቅድላቸው?

ባለፈው ሳምንት አመሻሹ ላይ፣ እዚህ ጅማ፣ የጎረቤታችን ልጅ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። አሥረኛ ክፍል ናት። ወረቀቱ ላይ ሁለት ሳጥን አለ። አንዱ የተፈጥሮ ሳይንስ ይላል፣ ሌላው የማኅበራዊ ሳይንስ። ልጆቹ ናቹራል እና ሶሻል ነው የሚሉት። አንዱ ላይ ምልክት አድርጋ ጠዋት ለሆምሩም መምህሯ መመለስ አለባት።

«ጋሼ፣ የቱን ልሙላ?» አለችኝ።

«ምን መሆን ነው የምትፈልጊው?»

ትከሻዋን ሰበቀች። እናቷ ከጓሮ እንጀራ እየጋገሩ ነበር። «ዶክተር በላት እንጂ!» ሲሉ ድምፃቸው መጣ።

እኔም በእሷ ዕድሜ ከእሷ አልሻልም ነበር። ናቹራል የገባሁት አብሮኝ የሚቀመጠው ልጅ ስለገባ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊዚክስ እንደ እንጀራ እናት ሲያየኝ ኖረ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ትልቅ ሰው ቁጭ ብሎ «ይሄ መንገድ የት ያደርስሃል?» ብሎ አልጠየቀኝም። በተማርኩበት ትምህርት ቤት ስለ ወደፊት ሕይወት የሚወራው ጠዋት ሰልፍ ላይ ነበር። እሱም ማስፈራሪያ ነው። «ካልተማራችሁ ተሸካሚ ነው የምትሆኑት!»

ይሄ ሁሉ ዓመት አልፎ ልጅቷ ያንኑ ጥያቄ ይዛ ደጄ ቆመች። መልስ ለመስጠት ደግሞ አንድ ምሽት ብቻ ነው ያለን።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ውጤቱ በየዓመቱ ያስደነግጠናል። በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2። በ2016 ዓ.ም. 5.4። በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 ከፍ አለ። ከ585 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው ወደ 49 ሺህ የሚጠጉት አለፉ ማለት ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ግን በዚያ ዓመትም ከሺህ በላይ ነበሩ።

ፈተናው ይቅለል እያልኩ አይደለም። ኩረጃው ሲቀንስ እውነተኛው ቁጥር ብቅ አለ፤ ማወቁ ይሻላል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ቁጥሩን ገልብጣችሁ እዩት። ከ100 ተፈታኝ 92ቱ ያቺን መስመር አላለፉም። እኛ ቤት ውስጥም ክፍል ውስጥም የምንመክረው ግን ለ8ቱ ብቻ ነው። «አንብብ፣ እለፍ፣ ዩኒቨርሲቲ ግባ።» ካላለፈስ? ዝም። ውጤት ይፋ በሚሆንበት መስከረም ላይ ልጁ ስልኩን አጥፍቶ ይተኛል፣ ቤተሰቡም ለቅሶ ቤት ይመስላል። ዕቅድ የሚባለው ነገር የሚጀመረው ያኔ ነው። ሰው ደግሞ ተስፋ በቆረጠበት ሳምንት ደህና ዕቅድ አያወጣም።

«አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» ይባል የለ? አንድ ዕቅድ ብቻ ያለው ልጅም እንደዚያው ነው።

ልጅቷን ቁጭ አድርጌ መንገዱን ከመጨረሻው ጀምሬ ነገርኳት። ከፊት ሲነገር ሁሉም ነገር ሩቅ ስለሚመስል ነው።

መጨረሻው ዲግሪ ነው እንበል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዲግሪ ለመያዝ ኮርሱን መጨረስ ብቻ አይበቃም። የመውጫ ፈተና አለ። እሱም 50 ይጠይቃል። የመጀመሪያው ዙር ሲሰጥ በአገር ደረጃ ያለፉት ወደ 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። የግል ተቋማት ተማሪዎች ውጤት ደግሞ ከመንግሥቶቹ በጣም ያነሰ ነበር። የወደቀ እንደገና መፈተን ይችላል፤ ግን ዲግሪው እስኪያልፍ ይቆየዋል።

ከዚያ በፊት ዲፓርትመንት አለ። ብዙ ወላጅ ልጁ ከ12ኛ ክፍል ተነስቶ በቀጥታ «ሕክምና የሚገባ» ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን ነው። ሁሉም የጋራ ኮርስ ይወስዳል። ዲፓርትመንት የሚደለደለው በፍሬሽማን ውጤትና በመግቢያ ፈተናው ውጤት፣ ባለው ቦታ ልክ ነው። ሕክምና የሚፈልግ ልጅ ፍሬሽማን ላይ ከተዘናጋ፣ በልጅነቱ ስንት ጊዜ «ዶክተር እሆናለሁ» ማለቱን የሚቆጥርለት የለም።

ከዚያ በፊት ያው ፈተናው። ስድስት ትምህርት፣ 600 ነጥብ፣ ማለፊያው 300። እዚህ ጋ ልጅቷ የማታውቀው ነገር ነበር። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ እና አፕቲትዩድ የሚባለው የማመዛዘን ችሎታ ፈተና ናቹራልም ገባች ሶሻል አይቀሩላትም። የሒሳብ ፈተናው ለየብቻ ቢሆንም ሒሳብ ሒሳብ ነው። ሦስቱ ተደምረው 300 ናቸው። የጠቅላላው ግማሽ። ናቹራል ከገባች ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ ይጨመራሉ። ሶሻል ከሆነች ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስ። ስለዚህ «ሒሳብ ስለምጠላ ሶሻል ልግባ» የሚለው ስሌት ከመሠረቱ አይሠራም። አፕቲትዩድ ደግሞ ራሱን የቻለ ክፍለ ጊዜ እንኳ የለውም። ማንም አያስተምረውም፣ ሁሉም ይፈተነዋል። ልጆቹ ፈተናው ሦስት ወር ሲቀረው በቴሌግራም የሚዞሩ አሮጌ ጥያቄዎችን ነው የሚያነቡት።

ከዚያም በፊት ዘጠነኛ ክፍል አለ። የጅማ ልጅ እስከ ስምንት በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ተምሮ ዘጠነኛ ሲገባ በአንድ ክረምት ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ባዮሎጂ የከበደው ይመስለዋል። የከበደው ግን መጽሐፉን ማንበቡ ነው። ያንን ሳይለይ «እኔ ለሳይንስ አልተፈጠርኩም» ብሎ ራሱ ላይ ይፈርዳል። በአሥረኛ ክፍል ማብቂያ ያቺን ሳጥን የሚሞላው ይሄን ፍርድ ይዞ ነው። የሙያ ምክር ዘጠነኛ ክፍል ላይ ካልተጀመረ የሚዘገየው ለዚህ ነው። የእንግሊዝኛ ችግርን ከዝንባሌ ማጣት የሚለይ ሰው የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

እና ሳጥኑ ቀላል ነገር አይደለም። ሶሻል ላይ ምልክት ያደረገ ልጅ ሕክምናን፣ ምሕንድስናን፣ ግብርናን እየዘጋ ነው። ሕጉን፣ አካውንቲንጉን፣ ኢኮኖሚክሱን ደግሞ እየከፈተ። የ16 ዓመት ልጅ በአንድ ማታ የሚወስነው ይሄንን ነው።

የእናቷን «ዶክተር» አልናቅኩትም። ልጅ የሚያየውን ነው የሚመኘው፤ እናትም እንደዚያው። ጅማ ውስጥ ነጭ ጋወን የለበሰ ወጣት በየመንገዱ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱና የግብርና ኮሌጁ ተዋህደው ነው። ስለዚህ እዚህ ከተማ ትልቅ ሰው መሆን ማለት ሐኪም መሆን ነው። ግን ሁለት ነገር ሳይነገር ይቀራል። አንደኛ፣ ሕክምና ረጅም ነው፤ ስድስትና ሰባት ዓመት። ሁለተኛ፣ ድሮ ሐኪም ሲመረቅ ምደባው ይጠብቀው ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ሐኪምም አይተናል። በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸው ያሰሙትን ድምፅም ሰምተናል። አትማሩ ማለቴ አይደለም። አውቃችሁ ግቡ ነው።

ደግሞ ሆስፒታል ማለት ሐኪም ብቻ አይደለም። ላብራቶሪ የሚሠራ አለ፣ ራዲዮሎጂ አለ፣ ማደንዘዣ የሚሰጥ አለ። ማሽኑ ሲበላሽ የሚጠግነውስ? ባዮሜዲካል ምሕንድስና እዚሁ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ውስጥ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ይሰጣል። ጅማ ተወልዶ ያደገ ልጅ ይሄንን ሳያውቅ 12ኛን ይጨርሳል።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን የቡናው ነገር ነው።

ቡና ጠጥተን፣ ቡና ሸጠን፣ በቡና ገንዘብ ደብተር ተገዝቶልን ያደግን ሰዎች ነን። በቡና ለቀማ ወቅት ከገጠር የሚመጡ ተማሪዎች ከክፍል የሚጠፉበት አገር ነው። ግን «የቡና ሥራ» ስንል የሚታየን ለቃሚና ነጋዴ ብቻ ነው። እዚሁ ጅማ አጠገብ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቡና ላይ ሲሠራ ኖሯል። በ1960ዎቹ የቡና ፍሬ በሽታ ገብቶ ገበሬውን ሲያስለቅስ፣ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መርጠው ያወጡት የዚያ ማዕከል ሰዎች ናቸው። 74110፣ 74112 የሚባሉት የእነሱ ናቸው። 74ቱ በፈረንጅ አቆጣጠር የተመረጡበት ዓመት ነው። ዛሬ ውጭ አገር ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ሰው ከረጢቱ ላይ 74110 ብሎ በኩራት ይጽፋል። የኛ የባዮሎጂ ተማሪ ግን ስለ ዘር ውርስ ሲማር ምሳሌ የሚሰጠው የሜንዴል አተር ነው። መልኮ በባጃጅና በእግር የሚደረስ ቦታ ነው እኮ!

ከዚያ ቀማሾቹ አሉ። ቡናው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲደርስ ናሙና ይወሰድና በኮድ ይቀርባል። ቀማሹ የማን ቡና እንደሆነ አያውቅም። ከ100 ነጥብ 40ው ለጥሬ ቡናው፣ 60ው ለጣዕሙ ነው። አንድ ማንኪያ ፉት ብሎ፣ ተፍቶ፣ ደረጃ ይሰጣል። በዚያች ፉት ላይ ነው የገበሬው ገንዘብ የሚወሰነው። ቅምሻው እዚሁ ጅማም ይካሄዳል። ስንት ተማሪ ሄዶ አይቷል?

የማጠቢያ ጣቢያው ማሽን መካኒክ ይፈልጋል። ላኪው ውል የሚያነብና እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ይፈልጋል። አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት እንደ ፈረንጆቹ በ2023 ያወጣው ሕግ፣ ቡናው ደን ተመንጥሮ ካልበቀለበት መሬት መምጣቱን በማሳው መገኛ አረጋግጡ ይላል። የሚተገበርበት ቀን ቢገፋም ሥራው ግን አልቆመም። ማሳ በማሳ እየዞረ በጂፒኤስ የሚመዘግብ፣ ካርታ የሚያወጣ ሰው ያስፈልጋል። ይሄ የጂኦግራፊ ልጅ ሥራ ነው። «ሶሻል ገብቼ ምን እሠራለሁ?» ለሚል የሊሙ ወይም የጎማ ልጅ ከዚህ የቀረበ መልስ አላውቅም። አባቱ ማሳ ላይ ነው መልሱ ያለው።

ስለ ቴክኒክና ሙያ ስናወራ ድምፃችን ይቀንሳል። ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ለረጅም ጊዜ የወደቀ የሚሄድበት ቦታ አድርገን አየነው። ልጁ ራሱ ፖሊቴክኒክ ገብቶ ጎረቤት ሲጠይቀው «ኮሌጅ ነኝ» ብሎ ያልፋል። ግን ከተማችንን እዩ። ጥሩ ኤሌክትሪሽያን ስትፈልጉ ስንት ቀን ትጠብቃላችሁ? የቧንቧ ሠራተኛ ስልኩን ያነሳል? የጅማ በርጩማ ከከተማው ስም ጋር ተያይዞ የታወቀው በእንጨት ሠራተኛ እጅ ነው። እዚህም ግን እውነቱን ሙሉ እንናገር። ደረጃ በደረጃ ነው የሚኬደው፣ በየደረጃው ሲኦሲ የሚባል የሙያ ብቃት ምዘና አለ፣ ሲኦሲን ያላለፈ ወረቀቱ ብዙ አያወራም። መሣሪያ ሳይነካ በጠመኔ ብቻ ተምሮ የሚመረቅም አለ። ስለዚህ ልጅ ከመመዝገቡ በፊት ወርክሾፑን ሄዶ ይየው። ማሽኑ አቧራ ከጠጣ ነገሩ ገብቶታል።

ከ92ቱ ውስጥ የተወሰኑት ሪሜዲያል የሚባለውን የማካካሻ ትምህርት ይገባሉ። ሚኒስቴሩ በየዓመቱ የሚያወጣው የመቁረጫ ነጥብ አለ። እሱን ያሟላ ጥቂት ወራት ተምሮ እንደገና ይፈተናል። ጥሩ ዕድል ነው። ግን እሱን ብቻ ተስፋ አድርጎ መቀመጥ ዕቅድ አይባልም።

ገንዘብ የሚነሳው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ ወላጅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በነፃ ይመስለዋል። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ወጪ መጋራት የሚባል አለ። ተማሪው ውል ይፈርማል፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። አስፈሪ አይደለም፤ ሳያነቡ መፈረም ነው መጥፎው። የግል ኮሌጅ የሚያስብ ደግሞ አንድ ነገር ይጠይቅ። ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ሳይሆን ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክና ለእያንዳንዱ ግቢ ነው። «ኮሌጃችን ዕውቅና አለው» የሚል ማስታወቂያ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የምትማሩት ትምህርት፣ በምትማሩበት ግቢ፣ ዕውቅና አለው ወይ? የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን መጠየቅ ይቻላል። አንድ የቅርብ ዘመዴ ይሄን ሳይጠይቅ ሦስት ዓመት ከፍሎ ተማረ። ወረቀቱ አሁን ፍራሽ ሥር ነው።

ታዲያ ማን ይንገራቸው? መምህራኑን መውቀስ ቀላል ነው። ስልሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ሆምሩም የሆነ መምህር፣ ስም ጠርቶ፣ ማርክ ሞልቶ፣ ካርድ ጽፎ፣ የእያንዳንዱን ልጅ ዝንባሌ ያጥና ማለት ግፍ ነው። አማካሪ የተመደበበት ትምህርት ቤት ቢኖር እንኳ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ዲሲፕሊን ነው። ልጅ ወደ አማካሪ ቢሮ ሲጠራ «ምን አጠፋህ?» ነው የሚባለው።

እኔ ተስፋ የማደርገው ሌላ ነገር ላይ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስሙ የሚነሳው ማኅበረሰብ ተኮር በሆነው ትምህርቱ ነው። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ወደ አጋሮ፣ ወደ ሰቃ፣ ወደ ሰርቦ ይወጣሉ። ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ የጤናውን ሁኔታ ያጠናሉ። ይሄን የመሰለ ልምድ ያለው ተቋም በየከተማው የለም። እነዚሁ ልጆች በወር አንድ ቅዳሜ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቢቀመጡስ? ንግግር አያስፈልግም። መድረክ፣ ባነር፣ የውሃ ፕላስቲክ የተደረደረበት ጠረጴዛም አያስፈልግም። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አንድ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ «ፍሬሽማን ላይ እንዲህ አጋጠመኝ፣ ዲፓርትመንቴን የመረጥኩት እንዲህ ነው፣ ብመለስ ይሄን አላደርግም» ቢል ይበቃል። ልጅ ከሚኒስትር ይልቅ ሦስት ዓመት የሚበልጠውን ነው የሚሰማው።

በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያም አለ። በእረፍት ሰዓት ዘፈንና የልደት መልእክት ያስተላልፋል። በሳምንት አስር ደቂቃ አንድ ባለሙያ ይጠየቅበት። ብየዳ የሚሠራው፣ ባንክ ያለችው፣ የመልኮዋ ተመራማሪ፣ ባጃጅ እየነዳ የማታ የሚማረው። «ቀንህ እንዴት ይውላል? ወር ሲደርስ ይበቃሃል? ማን አስገባህ?» እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ልጆቹ ራሳቸው ቢጠይቁ ከየትኛውም መጽሔት ይሻላል።

ከዴዶ፣ ከመና፣ ከቀርሳ መጥተው ጠባብ ክፍል ተከራይተው የሚማሩትን አንርሳ። ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጡ ይሄዳሉ። የኔ የቅዳሜ ሐሳብ እነሱን አይደርስም። ለእነሱ አርብ ከሰዓት መሆን አለበት።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ይሄን ሁሉ ሳወራ (በዚህ ርዝመት አይደለም፣ እግዚአብሔር ይየኝ) ዝም ብላ ስትሰማ ቆየች። ደብተሯ ጀርባ ላይ ሦስት መስመር አስጻፍኳት። ካለፍሽ ምን ትመርጫለሽ? ለሪሜዲያል ብቻ ከበቃሽስ? ለሁለቱም ካልበቃሽስ? ሦስተኛው ላይ እጇ ቆመ። «ይሄንን መጻፍ ሟርት አይሆንም?» አለችኝ። ጃንጥላ የያዘ ሰው ዝናብ ጠራ አይባልም፣ በተለይ ጅማ ውስጥ አልኳት። ሳቀችና እስክሪብቶዋን አነሳች።

ከዚያ ድንገት «ቡና የሚቀምሱት ሰዎች ናቹራል ናቸው ሶሻል?» ብላ ጠየቀችኝ።

አላወቅኩም። ስልክ አወጣሁና ቡና ላይ የሚሠራ ወዳጄ ጋ ደወልኩ። ግብርና ኮሌጁ ውስጥ ድኅረ ምርት አያያዝ የሚባል ትምህርት እንዳለ፣ እሱ ናቹራል እንደሚጠይቅ ነገረኝ። «ግን መጨረሻ ላይ» አለ፣ «የሚፈተነው ምላስ ነው። በልምምድ ነው የሚመጣው። አሁኑኑ ትጀምር።»

እናቷ ጋግረው ጨርሰው ረከቦቱን አቅርበው ነበር። የወዳጄን ወሬ ከስፒከሩ ሰምተዋል። አቦሉን ቀዱና የመጀመሪያዋን ሲኒ ለእኔ ሳይሆን ለልጃቸው አቀበሉ። «በይ እንግዲያው» አሉ፣ «ንገሪኝ እስቲ።»

ፉት አለች። ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ቆየች።

«አሯል፣ እማ።»